ጺም ያልነካው ጠብታ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት ታላቅ ወንድሜ፤

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ወገብዎስ፣ ጉልበትዎስ? እትዬስ ደህና ናቸው? ግድግዳው ላይ የሰቀሏቸው ሰዓቶች አሁንም እንደተኮራረፈ ቤተሰብ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ይናገራሉ ወይስ አስታረቋቸው? እኔ ደህና ነኝ። ሥራዬም ደህና ነው። ናፍቆቴን ልጻፍ ብዬ ብነሣ ወረቀቱ ስለሚያልቅብኝ፣ እሱን እርስዎ በልብዎ ሞልተው ያንብቡልኝ።

ፊደሉን ማግዘፌን አይተው እንዳይቆጡ። ዕድሜዎን መናገሬ አይደለም። ደብዳቤውን ለእትዬ ሰጥተው «አንቺ አንብቢልኝ» እንዳይሉ፣ እትዬም እንደ ልማዳቸው ያልጣማቸውን መስመር እየዘለሉ እንዳያነቡልዎት ብዬ ነው። በተለይ እርስዎን የሚያስቆጣውን ሁሉ ይዘሉታል፤ ከዚያ እርስዎ ግማሽ ደብዳቤ ሰምተው «ምን ለማለት ፈልጋ ነው?» ይላሉ።

በስልክ ልነግርዎት ሦስት ጊዜ ሞክሬአለሁ። ገና «ጋሼ፣ ያን ዕለት…» ከማለቴ፣ «በይ ሥራ ይዣለሁ፣ ደህና ዋዪ» ብለው ይዘጉታል። ደብዳቤ ግን አይዘጋም። አጥፈው ቢያስቀምጡትም ጠረጴዛዎ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅዎታል።

እንግዲህ ከመራራው ልጀምር።

ከአሥር ወር በፊት ልጠይቅዎ የመጣሁ ዕለት፣ እርስዎ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው አንዲት ትንሽ የእጅ ሰዓት ይፈቱ ነበር። «ከመሳቢያው ወረንጦ አቀብዪኝ» አሉኝ። ወረንጦውን ስፈልግ፣ ከተበላሹ የሰዓት ጥርሶች ሥር አምስት ብልቃጥ የዓይን ጠብታ አገኘሁ። የአምስቱም ማሸጊያ አልተከፈተም። አምስት ብልቃጥ ማለት አምስት ወር ነው ጋሼ። ያ ክፉ በሽታ፣ ግላኮማ፣ ግራ ዓይንዎን ቀስ እያለ ድምፁን ሳያሰማ ወስዶ፣ ቀኙን የሚጠብቅልዎት ያ ጠብታ ብቻ ነበር።

ጮህኩ። እርስዎም ጮሁ። እትዬ ከጓዳ ሮጠው መጥተው በመካከላችን ቆሙ። እርስዎ ያሉኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ «ጠብታውን ዓይኔ ላይ ሳደርገው ጉንጬ ላይ ይወርዳል። ከጉንጬ ጺሜ ውስጥ ይገባል። የተረፈው በጉሮሮዬ ወርዶ እንደ ሬት ይመረኛል። ጺሜ ግላኮማ የለበትም! ጉሮሮዬም የለበትም! ለማን ነው የምቀባው?»

እኔስ ምን አልኩዎት? «ግራ ዓይንዎን ያጡት እንዲህ ሲሉ ነው» አልኩዎት።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ ግን አፌ ሲያመልጠኝ ታውቆኛል። ፊትዎን አይቻለሁ። ወረንጦውን ከእጄ ተቀብለው ወደ ሰዓትዎ ተመለሱ። እኔም የቀረበልኝን ምሳ ሳልቀምስ ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። ለዚያ ቃል ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ይህን መስመር እትዬ እንዳይዘሉት ነው ፊደሉን ያገዘፍኩት።

አሁን ወደ ጣፋጩ ልለፍ፤ ጣፋጩም የመጣው ከዚያው ከመራራው ነው።

አውቶቡስ ላይ ሆኜ ግማሹን መንገድ በንዴት ሄድኩ። የቀረውን ግማሽ ግን አንድ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ አልወጣም አለኝ፤ «ጺሜ ግላኮማ የለበትም።» መጀመሪያ አናደደኝ። ቀጥሎ አሳቀኝ። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ቀና ብለው አይተውኝ ቦርሳቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ቤቴ ስደርስ ግን ሳቁ አልፎ አሳፈረኝ።

ለምን መሰለዎት? እኔ መድኃኒት ቀማሚ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት የዓይን ጠብታ ሠርቻለሁ። ጥንካሬውን እለካለሁ፣ ጥራቱን እለካለሁ፣ ጀርም እንዳይገባበት እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቀዋለሁ። ብልቃጡ ታሽጎ ካርቶን ውስጥ ከገባ በኋላ ግን የት እንደሚደርስ ጠይቄ አላውቅም። ዘመዱን መኪና ላይ አሳፍሮ፣ ደረሰ አልደረሰ ሳይል ቤቱ ገብቶ እንደሚተኛ ሸኚ ነበርኩ ማለት ነው።

በማግሥቱ ሥራ ስገባ፣ ሐኪሞች ዓይን ሲመረምሩ የሚጠቀሙበትን ቀለም ጠብታችን ውስጥ ጨመርኩና መስታወት ፊት ቆሜ ዓይኔ ውስጥ አንድ ጠብታ አደረግኩ። ጋሼ፣ ቢያዩኝ! ቀለሙ ወዲያው ጉንጬ ላይ መንገድ አበጅቶ ወረደ። እንደ እርስዎ ጺም ቢኖረኝ ኖሮ ጺሜ አረንጓዴ ይሆን ነበር። ትንሽ ቆይቼ ስናፈጥ መሐረቤም አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ ጉሮሮዬ መረረኝ፤ ልክ እንዳሉት፣ እንደ ሬት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓይን ትንሽ ስኒ ነው። ከብልቃጡ የሚወርደው ጠብታ ግን ከስኒው ይበልጣል፤ ትርፉ ገና ሲነካ ይፈስሳል። የቀረውን ደግሞ ዓይን «ባዕድ መጣብኝ» ብሎ በእንባ ያጥበዋል። የዓይን ቆባችን በተርገበገበ ቁጥር፣ በአፍንጫ በኩል ባለው የዓይን ጥግ ወዳለች ጠባብ ቀዳዳ ይጠርገዋል፤ ከዚያ ወደ አፍንጫ፣ ከአፍንጫ ወደ ጉሮሮ። ከመቶ እጅ አምስቱ እንኳ ወደ ውስጥ መዝለቁ ያጠራጥራል። ይህን በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም አልፌበታለሁ። የገባኝ ግን ከእርስዎ ጺም ነው።

ወደ ኃላፊያችን ሄድኩ። ሠራተኛው ሁሉ በስውር «ሚዛን» ይላታል፤ ቃል እንኳ ሳትመዝን አትናገርም። እንድትረዳኝ ብዬ የእርስዎን ንግግር እንዳለ ነገርኳት። መነጽሯን አውልቃ እስክታነባ ሳቀች። እንባዋን ስትጠርግ ግን ፊቷ ተለወጠና «ወንድምሽን ብንቀጥራቸው ይሻለን ነበር» አለችኝ። ወዲያው አንድ ጠባብ ክፍልና ስድስት ወር ሰጠችኝ። «በስድስት ወር ውስጥ ዓይን ላይ የሚቆይ ጠብታ ሠርተሽ አሳዪኝ፤ ካልሆነ ወደ ቀድሞ ሥራሽ» ብላ ሸኘችኝ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ጠብታውን የሚያረጋ ነገር ነበር። በብልቃጥ ውስጥ እንደ ውሃ የሚፈስስ፣ የዓይን ሙቀት ሲያገኘው ግን እንደ እንቁላል ነጭ ረጋ ብሎ የሚቀመጥ። ብዙ ሞክሬ ሠራሁት። ብርጭቆ ላይ ሲረጋ ሳየው ልጅ የወለድኩ ያህል ደስ አለኝ። የሥራ ባልደረቦቼ መድኃኒት የሌለበትን ባዶውን በፈቃዳቸው እንዲሞክሩልኝ ለመንኳቸው።

ጉድ የፈላው ያኔ ነው። ዘበኛችንን «አንድ ዓይንዎ ላይ ብቻ ያድርጉ» ብላቸው፣ «ለምን ይለያያል?» ብለው ሁለቱም ላይ አደረጉና ወደ በሩ ተመለሱ። ጉም ውስጥ የገቡ መሰላቸው። ዋና ሥራ አስኪያጁን በር ላይ አስቁመው «መታወቂያ!» ብለው ጠየቋቸው። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ኩሩ ሰው ናቸው፤ «እኔን?» ቢሉ «ማንንም!» አሏቸው። ጸሐፊያችን በምሳ ሰዓት ጋደም ብላ ስትነሣ ቆቧ ተጣብቆ አልከፈት ብሏት ጮኸች። ሹፌራችን «እኔ ይህን ነገር አድርጌ መሪ የያዝኩ ዕለት ሐኪም ሳይሆን ቀባሪ ነው የምትፈልጉልኝ» ብሎ ጭራሽ እምቢ አለ።

ሚዛን ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰማች። «ዓይን የሚያድን፣ ማየት ግን የሚከለክል መድኃኒት ሠርተሻል» አለችኝ። የሙከራ መዝገቤን ተቀበለችኝና ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ከስድስቱ ወር አራቱ ሄዷል።

አልዋሽዎትም፣ ጋሼ፤ ያን ዕለት ጠባቧ ክፍል ውስጥ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። የሥራው ነገር ብቻ አልነበረም ያስለቀሰኝ። እትዬ በዚያው ሳምንት ደውለው፣ እርስዎ የበሩን መቃን በትከሻዎ እንደመቱትና «በሩ ነው የተጠጋኝ» እንዳሉ ነግረውኛል። እትዬን እንዳይቆጧቸው። በሚስጥር ነው የነገሩኝ፤ እኔም ይኸው ሚስጥራቸውን አወጣሁባቸው።

የቀረችኝን ሁለት ወር ቁጭ ብዬ ከማለቅስባት ብዬ ወደ አንድ የዓይን ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ ረጋ ያለች፣ ድምፅዋ ከጆሮ በታች የሆነ ሴት ናት። «ሰዎች ጠብታ ሲያደርጉ ተቀምጬ ልይ» ብዬ ለመንኳት። ገረማት። «ይህን የጠየቀኝ መድኃኒት ሠሪ የለም» ብላ ፈቀደችልኝ። ሕመምተኞቹም ፈቀዱልኝ፤ እንዲያውም ተመልካች በማግኘታቸው ደስ ሳይላቸው አልቀረም።

ሦስት ሳምንት ያንን አግዳሚ ወንበር አሞቅኩት። ሰው ጠብታ ሲያደርግ አይተው ያውቃሉ? አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ብልቃጡን ወደ ዓይናቸው ባስጠጉ ቁጥር ዓይናቸው ይጨፈንና አፋቸው ይከፈታል። አንድ ሌላ ሰውዬ ግንባራቸው ላይ አድርገው እስኪወርድላቸው ይጠብቃሉ። አንዲት ልብስ ሰፊ ደግሞ አሉ፤ ጨዋታ አዋቂ ናቸው፤ ሁሌ ሦስት ጠብታ ነው የሚያደርጉት። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «አንዱ ለዓይኔ፣ አንዱ ለጉንጬ፣ አንዱ ለማንኛውም» አሉኝ። ነርሷ «እማማ፣ አንድ ይበቃል» ብትላቸው፣ «ቢበዛ ምን ይጎዳል ልጄ? መድኃኒት አይደል?» ብለው መለሱላት።

ጋሼ፣ «ቢበዛ ምን ይጎዳል» ሲሉ የሰማሁት የልብስ ሰፊዋን ድምፅ አልነበረም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ የነበረውን የራሴን ድምፅ ነው።

ትዝ ይልዎታል? አንድ የጠረጴዛ ሰዓት ዘይት እንድቀባ ፈቀዱልኝ። እርስዎ ያቺን እንደ መርፌ የቀጠነች ሽቦ ዘይቱ ውስጥ ነከር አድርገው፣ ጫፏ ላይ የተንጠለጠለችውን ብቻ ነበር የሚያስነኩት። እኔ ግን ዞር ሲሉልኝ «ቢበዛ ምን ይጎዳል» ብዬ ገለበጥኩበት። ሰዓቱ በሳምንቱ ቆመ። አልመቱኝም። ፈቱትና አጉሊ መነጽሩን ዓይኔ ላይ አድርገው አሳዩኝ። ዘይቱ ጥርሶቹን በተሸከመው ሳህን ላይ በሙሉ ተንጣልሎ፣ ዘንጓ የምትዞርባት ቀዳዳ ግን ድርቅ ብላ ነበር። «አየሽ? ዘይት ሲበዛ ተያይዞ ይሸሻል። ሲያንስ ግን ያስቀመጥሽበት ይቀመጣል» አሉኝ።

አግዳሚው ላይ ሆኜ ጮክ ብዬ ሳቅኩ። መምህሩ አፋቸውን እንደከፈቱ ዞር ብለው አዩኝ። እኔ እኮ አራት ወር ሙሉ የሚፈስሰውን በማርጋት ለማስቆም ስታገል ነበር! የሚፈስሰው ስለበዛ መሆኑን አንድ ቀን አላሰብኩም። ወንድሜ ቤት በነፃ የተማርኩትን ረስቼ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ድርጅታችን ቶርኖ ቤት ሮጥኩ። የቶርኖ ባለሙያው ሰላምታ የሚከብደው፣ ሥራ የሚቀለው ሰው ነው። «የብልቃጡን ቀዳዳ አጥብብልኝ» አልኩት። ብልቃጡን አገላብጦ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ቀዳዳው ምን አደረገሽ? ጠብታ የሚንጠለጠለው ከቀዳዳው ሳይሆን ከከንፈሩ ነው። ከንፈሩ ሰፊ ከሆነ ጠብታው እስኪወፍር ይጠብቃል፤ ከንፈሩ ከቀጠነ ቶሎ ይወድቃል» አለኝ። ከእርስዎ ጋር ብትገናኙ እንዴት እንደምትግባቡ! ሁለታችሁም አንድ ቃል ተናግራችሁ አንድ ሰዓት ዝም ትላላችሁ።

የመጀመሪያው ጫፍ እንደ እባብ ምራቁን ተፋብኝ። ሁለተኛው ጭራሽ አልወርድም አለ። ሦስተኛው ስለታም ሆነና ሚዛን በጣቷ ነክታ «ይህን ዓይን አጠገብ? በሕይወቴ እያለሁ አይሆንም» አለች። እንዲህ እያልን ዘጠነኛው ላይ ስንደርስ፣ የድሮውን ግማሽ እንኳ የማትሞላ፣ ክብ፣ ታዛዥ ጠብታ ወጣች። ባለሙያው መዳፉ ላይ ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ «በቃ» አለ። ከእሱ አፍ ይህ ማለት እልልታ ነው።

ጠብታው ሲያንስ ብዙ ማርጊያ አላስፈለገውም፤ ጥቂት ብቻ፣ እንባ ቶሎ እንዳይጠርገው ያህል። ጉሙም ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ይገፈፍ ጀመር። ዘበኛችንን እንደገና ለመንኳቸው። «ይቅርብኝ፣ ልጆች አሉኝ» ብለው ተግደረደሩ፤ በመጨረሻ እሺ አሉ። ጥቂት ቆይተው ሥራ አስኪያጁን ገና ከመኪና ሲወርዱ ከሩቅ ለይተው፣ ቀጥ ብለው ቆመው ሰላምታ ሰጧቸው። ሥራ አስኪያጁ እስከ ዛሬ ለምን እንደዚያ እንደተከበሩ አያውቁም።

ሚዛን ወንበር ላይ ወጥታ መዝገቤን ከላይኛው መደርደሪያ አወረደችው። አቧራውን እፍ ብላ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው በሕግና በፈቃድ የሚሄድ ነው። የሚመለከታቸው ሰዎች መርምረው ከፈቀዱ በኋላ፣ ክሊኒኩ ውስጥ ሃያ ሁለት ሕመምተኞች እሺ ብለው ገቡ። ግማሾቹ የድሮውን ጠብታ፣ ግማሾቹ አዲሱን ይወስዳሉ። ሐኪሟ የዓይን ግፊታቸውን፣ ያንን ዓይን ቀስ ብሎ የሚያጠፋውን፣ ትለካለች፤ ማን የትኛውን እንደያዘ ግን እሷም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። ስድስት ሳምንት እንዲህ ሆነን ከረምን። ልብስ ሰፊዋ በሁለተኛው ሳምንት መጥተው ነርሷን በቁጣ «ይህን ብልቃጥ ስትሞሉ መድኃኒቱን ረሳችሁት እንዴ? ጉሮሮዬ አልመረረኝም!» ሲሉ ስሰማ፣ ማን የትኛውን እንደያዘ አላውቅም ያልኩት ነገር ትንሽ ተበላሸ። ተነሥቼ ላቅፋቸው ፈልጌ ነበር፤ ወንበሩን ጨብጬ ያዝኩት።

ማን የትኛውን እንደያዘ የተጻፈበት ፖስታ የተከፈተ ዕለት፣ ሚዛን ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበበች፣ አንድ በአንድ። አዲሱን የያዙት አሥራ አንድ ነበሩ። ሁለቱ ዓይናቸውን ስላሳከካቸው አቋርጠዋል። ከቀሩት ዘጠኝ የስምንቱ ግፊት ከድሮው ጠብታ ይልቅ በደንብ ወርዷል፤ ያውም በግማሽ መድኃኒት። ሚዛን ወረቀቱን አስቀመጠችና «የሰው ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ አልጨፍርም» አለች። ወዲያው ጨፈረች ማለት ይቻላል፤ ጠረጴዛውን በጣቶቿ መታ መታ አድርጋ እንደገና ከመጀመሪያው አነበበችው።

የዚያን ዕለት ሐኪሟ ጋ ደስታውን ልነግራት ሄድኩ። ከዚህ ሥራ ጋር ምን እንዳቆራኘኝ ጠየቀችኝ። ስለ እርስዎ ነገርኳት፤ ሰዓትዎንም፣ ግራ ዓይንዎንም፣ ጺምዎንም። ስትስቅ ቆይታ፣ «አንቺስ ተመርምረሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ይህ በሽታ በቤተሰብ እንደሚሄድ፣ እህትና ወንድም ሁሉ ሳይታመሙ መታየት እንዳለባቸው ለሌላው ሰው ስንት ጊዜ ተናግሬአለሁ መሰለዎት። ለራሴ ግን ጊዜ አላገኘሁም ነበር። መሣሪያው ፊት አስቀመጠችኝ። ለካች፣ ጻፈች። ደግማ ለካች። «ነገ ጠዋት ተመልሰሽ ነዪ» አለችኝ፤ በማግሥቱም ጨለማ ክፍል አስገብታ ብዙ ብልጭታ አሳየችኝ፤ ባየሁ ቁጥር ቁልፍ እጫን ነበር። ሁሉንም አየኋቸው፤ አንድም አላመለጠኝም። ስወጣ ትከሻዬን ይዛ «በጊዜ ነው የመጣሽው» አለችኝ። እኔም አመስግኛት ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

አሁን የእርስዎን ጉዳይ ልንገርዎት። አዲሱን ጠብታ በፖስታ ልልክልዎት አልችልም። ብችል ኖሮ ይህ ደብዳቤ ራሱ እርጥብ ሆኖ ይደርስዎት ነበር። ገና ብዙ ሰው ላይ፣ ብዙ ጊዜ ይሞከራል፤ ሱቅ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። ነገር ግን ሁለተኛው ዙር በመጪው ወር ይጀመራል፤ ሐኪሟም «ወንድምሽ መጥተው ልያቸው፤ ከተስማማቸው ይገባሉ» ብላኛለች። መጥተው እኔ ዘንድ ይረፉ። እትዬንም ይዘው ይምጡ፤ የቶርኖ ባለሙያውን አስተዋውቅዎታለሁ፤ ቁጭ ብላችሁ ዝም ትባባላላችሁ።

እስከዚያው ግን የድሮው ጠብታ ይቀጥል። መሳቢያ ውስጥ ያሉትን አምስቱን ይጣሏቸው፤ ቀናቸው አልፏል። አዲስ ለእትዬ ልኬአለሁ። አደራረጉን እንደ ሥራ ባልደረባ ልንገርዎት። ጋደም ይበሉ። የታችኛውን ቆብ በጣትዎ ሳብ አድርገው ትንሽ ኪስ ያብጁለት። እዚያች ኪስ ውስጥ አንድ ጠብታ፤ አንድ ብቻ። ከዚያ ዓይንዎን ቀስ ብለው ይክደኑ፤ አይጭመቁት፣ አያርገብግቡት። ጣትዎን በአፍንጫዎ በኩል ባለው የዓይን ጥግ ላይ አድርገው ጫን ይበሉ፤ ወደ ጉሮሮ የሚወስደው መንገድ እሱ ነው። ሁለት ደቂቃ። በቤትዎ ሁለት ደቂቃ የሚቆጥር ዕቃ አይጠፋም። ጠብታዋ ጠላፊ ካልገጠማት መንገዷን ታውቃለች።

ሰዓቱም ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይሁንልኝ። ሌላ ሰዓት አይሁን። እኔ በዚያን ጊዜ ፊቴን ታጥቤ፣ ሥራ ከመሄዴ በፊት፣ አልጋዬ ላይ በጀርባዬ እጋደማለሁ። ሙከራው ካበቃ ወር አልፎታል፤ ይህ የሙከራ ጠብታ አይደለም፤ ሐኪሟ ለእኔ ያዘዘችው ነው። ጣቴን የዓይኔ ጥግ ላይ አድርጌ ሁለት ደቂቃ እቆጥራለሁ። መጀመሪያ ላይ ረዝሞብኝ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ። እርስዎም በዚያው ሰዓት ቢጋደሙ ግን ለሁለት ስለምንካፈለው ይቀልለናል። እኔም ቶሎ ጀምሬአለሁና አይጨነቁ፤ መጪው ወር ሲመጡ በር ላይ ቆሜ ከሩቅ ለይቼ እቀበልዎታለሁ።

ብርሃንዎ አይጉደል፣ እጅዎ አይድከም፣ የቤትዎ ሳቅ አይቋረጥ። እትዬን ጉንጫቸው ላይ ይሳሙልኝ።

ታናሽ እህትዎ